የፑሻፕና የፑላፕ እድገት አለካክ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ቁጥሩ ከጨመረ ጥንካሬዬ ጨምሯል»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ባለፈው ወር 15 ፑሻፕ የሠራ ሰው ዛሬ 22 ቢሠራ ጠንክሯል ማለት ላይሆን ይችላል። ድካም ሲመጣ ክርን በደንብ ሳይታጠፍ ይመለሳል፣ ወገብ ወደ መሬት ይወርዳል፣ ፍጥነትም ይጨምራል። ቁጥሩ ያደገው እንቅስቃሴው ስላጠረ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ምን እንደሚቆጠር ይወስኑ። ለፑሻፕ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው መጽሐፍ ደረትዎ ሥር ያስቀምጡ። በ3 ሰከንድ ይውረዱ፤ ደረትዎ መጽሐፉን ሲነካ 1 ሰከንድ ቆም ይበሉ፤ ከዚያ ክርንዎ እስኪዘረጋ ይነሱ። መጽሐፉን ካልነካ አይቆጠርም። ፑላፕ የሚጀመረው አግዳሚ ብረት ላይ ክርን ተዘርግቶ ከመንጠልጠል ነው፤ የሚያበቃው አገጭ ከብረቱ በላይ ሲያልፍ ነው። እግር አወናጭፎ መውጣት አይቆጠርም። ስልክዎን ከጎን አቁመው ቢቀርጹ ራስን ማታለል ይከብዳል። በዚህ መስፈርት 22ቱ 13 ሆኖ ቢገኝ አይደንግጡ፤ መነሻዎ 13 ነው።

«ከባዱን ስሞክር ቁጥሬ ወረደ፤ ወደ ኋላ ተመልሻለሁ»

አልተመለሱም። አንዱን ዓይነት 30 እና 40 ጊዜ መደጋገም በዋናነት የሚያሳድገው ጽናትን ነው። ጥንካሬ የሚፈልግ ሰው 3 ዙር በ8 ንጹሕ ድግግሞሽ ከሞላለት ወደሚከብደው ቢያልፍ ይሻለዋል፤ እዚያ በ4 ወይም በ5 መጀመር የሚጠበቅ ነው።

ዝላዩ ከበዛ በሴንቲ ሜትር ይከፋፍሉት። እጅ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ አሳርፎ ከመሥራት ወደ 45፣ ከዚያ ወደ 30፣ ከዚያ ወደ መሬት። ከፍታው በቀነሰ ቁጥር እጅ ላይ የሚያርፈው ክብደት ይጨምራል፤ መሬት ላይ ሲደርስ የሰውነት ክብደት ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው። አንድም ፑላፕ የማይወጣለት ሰው ደግሞ ወንበር ላይ ቆሞ አገጩን ከብረቱ በላይ ያድርግና በዝግታ ይውረድ። የሚለካው ሰከንድ ነው፤ 4 የነበረው 10 ከሆነ ጠንክሯል።

«ሚዛን ላይ መውጣት አያስፈልግም»

ሸክሙ ራሱ ሰውነትዎ ሆኖ ሳለ እንዴት አያስፈልግም? 84 ኪሎ ሳለ 6 ፑላፕ ይሠራ የነበረ ሰው 78 ኪሎ ሲሆን 8 ቢሠራ፣ ከጭማሪው ከፊሉ የሸክሙ መቅለል ነው። በተቃራኒው 3 ኪሎ ጨምሮ እነዚያኑ 6 የሚሠራ ሰው ቁጥሩ ባይንቀሳቀስም ጠንክሯል።

«ጡንቻዬን ካላመመኝ አልሠራሁም»

ሕመሙ የሚበረታው ሰውነት ያልለመደውን ሲያገኝ ነው፤ በተለይ በዝግታ መውረድ ያሳምማል። ሲለምድ ይቀንሳል፣ ጥንካሬው ግን ማደጉን ይቀጥላል።

«በየቀኑ የመጨረሻ አቅሜን መሞከር አለብኝ»

ፈተናና ልምምድ ይለያያሉ። እንቅልፍ ማጣትና የትናንት ድካም ብቻውን ቁጥሩን ስለሚያወርደው የአንድ ቀን ውጤት ብዙ አይናገርም። በየ4 እስከ 6 ሳምንቱ ይፈተኑ፤ ከዚያ በፊት 2 ቀን ይረፉ፤ ሰዓቱ፣ ማሟሟቂያውና ቅደም ተከተሉ ሁሌም አንድ ይሁን። ከፑሻፕ በኋላ የተፈተነ ዲፕስ (በሁለት ብረቶች መካከል በእጅ ተደግፎ መውረድና መነሳት) ከፑሻፕ በፊት ከተፈተነው ጋር አይወዳደርም፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ጡንቻ ያደክማሉ።

በሌሎቹ ቀናት የመጨረሻ አቅምዎ ላይ ለመድረስ 2 ድግግሞሽ ሲቀርዎት ያቁሙና እንዲህ ይመዝግቡ፦ «ፑላፕ፣ 79 ኪሎ፣ 6-5-5፣ እረፍት 3 ደቂቃ»፤ 6-5-5 በሦስቱ ዙሮች የተሠራው ቁጥር ነው፣ እረፍቱም በዙሮቹ መካከል ያለው። እረፍቱን መጻፍ ብዙዎች ይዘነጉታል። ያው 6-5-5 በ2 ደቂቃ እረፍት ከተሠራ ለውጥ አለ፤ እረፍቱ ካልተጻፈ ግን ሁለቱ ቀናት አንድ ይመስላሉ።