የድሮ ስቴሪዮ አምፕሊፋየር፦ የሚወራውና እውነታው

የድሮ አምፕ ወዳጆች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ "የዱሮ ዕቃ እኮ አይበገርም" ብሎ፣ ለዓመታት ቆጥ ላይ የተረሳውን ማራንዝ አውርዶ፣ አቧራውን እፍ ብሎ ቀጥታ ሶኬት ላይ ይሰካዋል። ሌላው ደግሞ ገና ክዳኑን ሳይከፍት "ካፓሲተሩ በሙሉ መቀየር አለበት" ብሎ ያውጃል። ሁለቱም አምፕ ያቃጥላሉ። አንደኛው በአንድ ደቂቃ፣ ሁለተኛው በአንድ ሳምንት።

የማወራው በዋናነት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጃፓን ውስጥ ስለተሠሩት ነው፦ ፓዮኒር፣ ሳንሱይ፣ ኬንዉድ፣ ያማሃ፣ ማራንዝ። (ማራንዝ ትውልዱ አሜሪካ ነው፤ በ70ዎቹ ግን አብዛኞቹ ሪሲቨሮቹ ጃፓን ነበር የሚሠሩት።) እነዚህ ዕቃዎች እስካሁን የሚወደዱት መልካቸው ስላማረ ብቻ አይደለም። ተፈትተው የሚጠገኑ ናቸው። ውስጣቸው ያለው ነገር በዓይን ይታያል፣ በካውያ ይነቀላል፣ የሰርኪዩት ንድፋቸውም ተፈልጎ ይገኛል። ችግሩ ዙሪያቸውን የከበባቸው ወሬ ነው።

"ይሠራል፤ ስለዚህ ምንም አልሆነም"

ይሄ ብዙ አምፕ የገደለ አባባል ነው። ድምፅ ማውጣትና ጤነኛ መሆን ለየቅል ናቸው። ውስጡ ያሉት ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተሮች፣ ማለትም ብዙ ሰው ኮንደንሰር የሚላቸው ጣሳ መሳዮቹ፣ ፈሳሽ አለባቸው። ያ ፈሳሽ በዕድሜና በሙቀት ይደርቃል። ሲደርቅ ወይ ስፒከሩ ላይ እምምም የሚል ጉርምርምታ ይመጣል፣ ወይ አንዱ ቻናል እየደከመ ይሄዳል፣ ወይ ደግሞ ምንም ምልክት ሳያሳይ ቆይቶ አንድ ቀን ጉድ ያደርጋችኋል።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ማብራት በአምፖል አድርጉት። የድሮውን ባለ ክር አምፖል፣ 60 ወይም 100 ዋት፣ ከአምፑ ጋር በተከታታይ ታስሩታላችሁ፤ ማለትም ከሶኬት የሚመጣው አንዱ ሽቦ መጀመሪያ በአምፖሉ አልፎ ነው አምፑ ጋ የሚደርሰው። ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ አይሆንም። ስፒከር ሳታስሩ ታበራላችሁ። አምፖሉ ቦግ ብሎ ወዲያው ከደበዘዘ ደስ ይበላችሁ፤ ትላልቆቹ ካፓሲተሮች ሞልተዋል፣ አምፑም የሚወስደው ትንሽ ኃይል ብቻ ነው። ቦግ ብሎ እዚያው ከቀረ ውስጥ ሾርት አለ፤ አጥፉትና ንቀሉት። አምፖሉ ባይኖር ያ ሁሉ ኃይል በትራንዚስተሮቹና በትራንስፎርመሩ ላይ ነበር የሚወርደው። የአምፖል መያዣ፣ ሶኬትና ጥቂት ሽቦ ነው የሚያስፈልገው። ራቁቱን የቀረ ሽቦ እንዳይኖር ግን ደጋግማችሁ እዩ፤ በ220 ቮልት ቀልድ የለም።

ይሄን ካለፈ፣ ስፒከር ከማሰራችሁ በፊት የስፒከሩን መውጫ በቴስተር ለኩ። ቴስተሩን ዲሲ ሚሊቮልት ላይ፣ የአምፑን ድምፅ ዜሮ ላይ አድርጉ። አብሩትና ጥቂት ሴኮንድ ቆይቶ ቀጭ የሚለውን የሪሌይ (ስፒከሩን ከአምፑ ጋር የሚያገናኘው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ) ድምፅ ጠብቁ፤ ከዚያ ቀይና ጥቁሩን አስነኩ። ከ50 ሚሊቮልት በታች ከሆነ አይዟችሁ። ከ100 ካለፈ ባለሙያ ይየው። ሙሉ ቮልቶች ካነበባችሁ ግን የምታስሩት ስፒከር መቃጠሉ ነው። ሪሌዩ ጭራሽ ቀጭ ካላለ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አምፑ ችግሩን አይቶ ስፒከራችሁን እየጠበቀላችሁ ነው። ያንን ሪሌይ በሽቦ አገናኝቶ "ይኸው ሠራሁት" የሚል ጠጋኝ ካጋጠማችሁ፣ ዕቃችሁን ይዛችሁ ውጡ።

"ካፓሲተሩ በሙሉ ይቀየር"

ኢንተርኔት ላይ የዚህ እምነት ተከታይ ብዙ ነው። ሰውየው ሙሉ ኪት ያዛል፣ ቅዳሜን ካውያ ይዞ ሲያጎነብስ ይውላል፣ ማታ ሲያበራው ወይ ዝም ይላል ወይ ይጨሳል። የቱ ጋ እንደተሳሳተ እንዳያውቅ፣ የነካው አንድ ሁለት ነገር አይደለም።

መቀየር ያለባቸው በርግጥ አሉ። ኤሌክትሮላይቲኮቹ፣ በተለይ ከሚግል ነገር አጠገብ የተቀመጡት ትንንሾቹ። የፊልም ካፓሲተሮች ግን የሚደርቅ ፈሳሽ የላቸውም፤ ተዉአቸው። የፓወር ሰፕላዩ ሁለት ትላልቅ ጣሳዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሚታሰበው በላይ ይቆያሉ። እነሱን ለክታችሁ ነው የምትወስኑት።

"በትልቅ ከቀየርኩት ባሱ ይጨምራል" የሚሉም አሉ። 10,000 ማይክሮፋራድ (የካፓሲተር የመያዝ አቅም መለኪያ ነው) የነበረውን 33,000 ስታደርጉት፣ አምፑ በበራ ቁጥር ካፓሲተሩ ለመሙላት የሚስበው ኃይል ያድጋል፤ ዱላው የሚያርፈው ሬክቲፋየሩ (ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይረው) እና ማብሪያ ማጥፊያው ላይ ነው። ማይክሮፋራዱ ያው ወይም ጥቂት ከፍ ያለ፣ ቮልቱ ያው ወይም ከዚያ በላይ፣ 105 ዲግሪ የተጻፈበት። በቃ። ጎኑ ላይ ያለው መስመር የኔጋቲቩን እግር ነው የሚያሳየው፤ ገልብጦ ያሰረ ሰው ፍንዳታውን ከጎረቤቱ ጋር አብሮ ይሰማል። ከመንካታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፤ አንዱን ቦርድ ጨርሳችሁ ሳትሞክሩ ወደሚቀጥለው አትለፉ።

ደግሞ ጥፋተኛው ሁልጊዜ ካፓሲተር አይደለም። ድምፁን ዜሮ ብታደርጉትም ክሽክሽ የሚል ነገር ከቀጠለ ያረጀ ትንሽ ትራንዚስተር ጠርጥሩ። 2ኤስሲ458 የሚባለው በዚህ ጸባዩ የታወቀ ነው። አምፑን መታ ስታደርጉት ድምፅ የሚሄድ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ የተሰነጠቀ ብየዳ ሊሆን ይችላል፤ ይሄ በትንሽ ሊድ የሚያልቅ ሥራ ነው። የኃይል ትራንዚስተርና የኤስቲኬ አይሲ (የማጉያው ክፍል በአንድ ላይ የታሸገበት ዕቃ) ስትገዙ ዓይናችሁን ክፈቱ፣ ስሙ ብቻ የታተመበት አስመሳይ ሞልቷል። ከተጣለ አምፕ ላይ የተነቀለ እውነተኛው አንዳንዴ ከአዲሱ ይሻላል፤ ምናለሽ ተራ ለዚህ ነው ጥሩነቷ።

"ከአሜሪካ ቢመጣም ኮንቨርተር ካለ ያው ነው"

ያው አይደለም። ሜሪላንድ ያለው አጎት ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ በርካሽ ያገኘውን ፓዮኒር ሻንጣ ውስጥ ከትቶ ሲመጣ፣ መጀመሪያ ጀርባውን እዩ። 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ብቻ ይላል? አገር ቤት ያለው 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ቀጥታ ከሰካችሁት፣ ዕድለኛ ከሆናችሁ ፊውዙ ይቀድማል።

ስቴፕ ዳውን ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርደዋል። ኸርዙን ግን አይነካውም፤ ብዙ ሰው ይሄን አያውቅም። ለ60 ኸርዝ ብቻ ተቆጥቦ የተሠራ የአምፕ ትራንስፎርመር በ50 ሲሠራ፣ ብረቱ ላይ የሚያርፈው ማግኔታዊ ጫና በ20 በመቶ ይጨምራል። ይሞቃል፣ ያጉረመርማል። ጀርባው ላይ 50/60 የሚል ካለ ግን ሐሳብ አይግባችሁ። ከዚያም የተሻለው 110፣ 120፣ 220፣ 240 የሚል መምረጫ ያለበት ነው። ለሌላው ዓለም ገበያና በውጭ አገር ጦር ሰፈር ለነበሩ የአሜሪካ ወታደሮች ሱቅ የተሠሩት ላይ ይገኛል። መምረጫውን ወደ 220 ስታዞሩ ፊውዙንም ለ220 በተጻፈው መጠን ቀይሩ፤ የ120ው ፊውዝ ለ220 ስለሚበዛ በጊዜው አይቆርጥም።

ኪስ የምትገባዋን፣ "1600 ዋት" የተጻፈባትን ቀላል ኮንቨርተር ደግሞ እርሷት። እሷ ለፀጉር ማድረቂያና ለልብስ ካውያ የተሠራች ናት። ውስጧ ትራንስፎርመር የላትም፤ ሞገዱን እየቆራረጠች ነው የምታወርደው። እውነተኛ ስቴፕ ዳውን ሲያነሱት ይከብዳል። የአምፑ ጀርባ 300 ዋት የሚል ከሆነ 500 የሚችል ውሰዱ። ለጃፓን ገበያ ብቻ የተሠራውን ደግሞ 120 በሚያወጣ ትራንስፎርመር አትሞክሩት፤ እሱ 100 ቮልት ነው የሚፈልገው።

"20 ዋት ምን ይሠራል?"

"1500 ዋት ፒኤምፒኦ" (ለቅጽበት ይደረስበታል ተብሎ ለማስታወቂያ የሚጻፍ ቁጥር) የተለጠፈበት የፕላስቲክ ሳጥን ለለመደ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ኤንኤዲ 3020 ላይ ያለው 20 ዋት ያስቀዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያጫወተ ሰው ግን ሳቁ አይቆይለትም።

የ70ዎቹ አጋማሽ ዕቃዎች ላይ የተጻፈው ዋት የሚታመንበት ምክንያት አለ። ከዚያ በፊት አሜሪካ ውስጥ ሻጩ ደስ ያለውን ቁጥር ይጽፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ አወጣ፦ ሁለቱም ቻናሎች አብረው እየሠሩ፣ ያለማቋረጥ የሚሰጡት ኃይል ይጻፍ፤ ከመለካቱ በፊትም አምፑ በሲሶ ኃይሉ አንድ ሰዓት ሲግል ይቆይ። ይሄን ፈተና በቀጭን ትራንስፎርመር ማለፍ አይቻልም። የነዚያ ዕቃዎች ክብደት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ከዚያ ፋብሪካዎቹ በዋት መፎካከር ጀመሩና ፓዮኒር እ.ኤ.አ. በ1978 ኤስኤክስ-1980ን አወጣ፦ በቻናል 270 ዋት፣ 35 ኪሎ ገደማ። መደርደሪያችሁን ሳታጠናክሩ እንዳታስቡት።

ለሳሎን ግን ያ ሁሉ አያስፈልግም። ዋቱ እጥፍ ሲሆን የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጆሮ "እጥፍ ጮኸ" እንዲል አሥር እጥፍ ያህል ኃይል ይፈልጋል። ቁጭ ብላችሁ በልኩ ስትሰሙ አምፑ የሚሰጠው ጥቂት ዋት ነው። ስፒከር ላይ የሚጻፈው ዴሲቤል በአንድ ዋት ምን ያህል እንደሚጮኽ ይነግራል፤ 88 ዴሲቤል የሚለውን ስፒከር ትታችሁ 91 የሚለውን መግዛት፣ አምፑን እጥፍ እንደማድረግ ይቆጠራል።

"ገና ግማሽ ላይ ነው፣ ይችላል"

የድምፅ ማዞሪያው የኃይል መለኪያ አይደለም። ከስልክ ወይም ከሲዲ የሚገባው ድምፅ ጠንካራ ከሆነ፣ ማዞሪያው ግማሽ ሳይደርስ አምፑ አቅሙን ሊጨርስ ይችላል። ከዚያ በኋላ የምትጨምሩት ድምፅ ሳይሆን መሰባበር ነው። "ትንሽ አምፕ ትልቅ ስፒከር አያቃጥልም" የሚለውም እዚሁ ጋ ይወድቃል። አቅሙ ያለቀበት አምፕ የሞገዱን ጫፍ ይቆርጠዋል፣ የተቆረጠው ሞገድ በቀጭን ድምፆች የተሞላ ነው፣ እነሱም የሚሄዱት ቀጭን ድምፅ ወደምታወጣው ትንሿ ስፒከር፣ ወደ ትዊተር ነው። ሠርግ ቤት መጀመሪያ የምትሞተው እሷ የሆነችው በዚህ ነው።

"ቲዩብ ከትራንዚስተር ይበልጣል"

የተለየ ነው እንጂ ይበልጣል የሚባል ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣው ማኪንቶሽ ኤምሲ275 ድንቅ አምፕ ነው፣ በደንብ የተጠገነ ሳንሱይም እንዲሁ። ጀማሪ ግን በቲዩብ አይጀምር። ውስጡ 400 ቮልትና ከዚያ በላይ ሊኖር ይችላል፣ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሩ ውስጥ ተኝቶ ይጠብቃችኋል።

"ዳንቴል ቢለብስ ምን ይሆናል?"

ያፍናል። ላዩ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ሙቀት መውጫ ናቸው። ቡፌው ላይ የአበባ ማስቀመጫው ሌላ ቦታ ይፈለግለት፤ አምፑ ከላይ አንድ ስንዝር ያህል ባዶ ቦታ ይፈልጋል።

"ሲንኮሻኮሽ ደብሊውዲ-40 ንፉበት"

አትንፉበት። የተለመደው ደብሊውዲ-40 የማዞሪያውን ቅባት አጥቦ የራሱን ዘይት ይተዋል፣ ዘይቱ ደግሞ አቧራ ይይዛል። ለኤሌክትሮኒክስ የተሠራ ኮንታክት ክሊነር ግዙ። ሶኬቱን ንቀሉ፣ ማዞሪያው ጀርባ ላይ ባለችው ክፍተት ትንሽ ንፉ፣ ከዚያ ከዳር እስከ ዳር እያመላለሳችሁ አዙሩት። ሳይቸኩሉ። ኦክስ፣ ቴፕ፣ ሞኖ የሚሉትን ማብሪያዎችም እንደዚሁ። "አንዱ ቻናል ሞቷል" ተብሎ በርካሽ የተሸጠ አምፕ በዚህ ብቻ የሚነሣበት ጊዜ ብዙ ነው፣ እና እውነቱን ለመናገር ከጥገና ሁሉ ደስ የሚለኝ ይሄ ነው።

"ላውድነስ ሲጫኑት ድምፅ ይጨምራል"

ስሙ አሳስቷል። ጆሯችን ድምፅ ሲቀንስ ባሱንና ቀጭኑን ከመሐሉ ይልቅ ይስታል። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ይሄን እ.ኤ.አ. በ1933 ለክተው አሳይተዋል። ቁልፉ የተሠራው ማታ ልጆች ተኝተው ቀስ አድርጋችሁ ስትሰሙ የጎደለውን እንዲሞላ ነው። ድምፁን ከፍ ስታደርጉ አጥፉት።

"ለዘመኑ ዕቃ አይሆንም"

ስልክ በአንድ ኬብል ይገባል፤ ኦክስ ወይም ቴፕ በሚለው ቀዳዳ። ብሉቱዝ ከፈለጋችሁ ርካሽ መቀበያ እዚያው ላይ ትሰካላችሁ። ፎኖ በሚለው ላይ ብቻ አትሰኩ። እሱ ከሸክላ ማጫወቻ መርፌ ለሚመጣ ጥቂት ሚሊቮልት የተሠራ ነው፣ ሸክላው ሲቀረጽ የተቀነሰውን ባስም መልሶ የሚያስተካክለው እሱ ነው። ስልክ ከገባበት ጆሮ ይበጥሳል።

ሸክላ ያላችሁ ግን ተጠቀሙበት፤ ብዙ አዳዲስ አምፖች ላይ ይሄ መግቢያ የለም፣ ለብቻው ነው የሚገዛው። የአባታችሁ 45ቶች ሞኖ ከሆኑ ደግሞ ሞኖ የሚለውን ቁልፍ ተጫኑት። መርፌው ወደላይና ወደታች ሲነጥር የሚያመጣው ፍጭርጭርታ በሁለቱ ቻናሎች ተቃራኒ ስለሆነ እርስ በርሱ ይጣፋል፤ ዘፈኑ ግን በሁለቱም አንድ ስለሆነ ይቀራል።