የዓይን ድርቀት ምንድን ነው? እንባ ማጣት ማለት አይደለም

አንዲት እናት የ10 ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። ልጅቷ ሩቅ ማየት እያስቸገራት፣ መነጽሯም በየዓመቱ እየጨመረ ስለነበር የመነጽሩን መጨመር የሚያዘገይ አትሮፒን የሚባል ጠብታ አስጀምረናት ነበር። እናትየዋ ከቦርሳዋ ስልኳን አውጥታ በቴሌግራም የደረሳትን ድምፅ አሰማችኝ። አንድ ሰው ረጋ ብሎ ይናገራል። «ይህ ጠብታ የልጆችን ዓይን ያደርቃል። ዓይን ከደረቀ ብርሃን ይጠፋል። ዛሬውኑ አቁሙ።»

እሷም አቁማለች። ሦስት ሳምንት ሆኗታል። አንድ ነገር ግን አልገባትም። «ዶክተር፣ የልጄ ዓይን እኮ ሲያነባ ነው የሚውለው። እንዴት ደረቀ ይባላል?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። ይህንን «ደረቀ» የሚል ቃል በየሳምንቱ እሰማዋለሁ፣ በየሳምንቱም ልጆች በእሱ የተነሳ ሕክምና ያቋርጣሉ። ስለዚህ ዛሬ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

የዓይናችንን ፊት የሚሸፍን ስስ የእንባ ሽፋን አለ። አንድ ሚሊሜትር ለሺህ ቢከፈል ውፍረቱ ሦስቱን ያህል ገደማ ነው። ውሃ ብቻ ይመስላል፣ ግን አይደለም። በሸክላ ድስት የሚንተከተክ ሽሮ አስቡ። ሸክላው በደንብ ካልተሟሸ ሽሮው ከሥር ይይዛል። ውሃው ካነሰ ይጓጉላል። ላዩ ላይ ዘይት ካልተንሳፈፈ ደግሞ ትንሽ ሲቆይ ቆዳ ያወጣና ይሰነጠቃል። እንባም እንደዚያው ነው። ከሥር ዓይኑን የሚያሟሽ ዝልግልግ ነገር አለ። መሀሉ ውሃ ነው። ላዩ ዘይት ነው። ዘይቱ የሚመጣው ከዓይን ቆብ ጠርዝ ነው። እዚያ ማይቦሚያን የሚባሉ እጢዎች ተደርድረዋል፤ በላይኛው ቆብ ከ25 እስከ 40፣ በታችኛው ከ20 እስከ 30 ይሆናሉ። ስማቸው እ.ኤ.አ. በ1666 ከገለጻቸው ከጀርመናዊው ሐኪም ከሃይንሪሽ ማይቦም የመጣ ነው።

ማማሰያው ደግሞ የዓይን ቆባችን ነው። ዓይናችንን ባርገበገብን ቁጥር ዘይቱንና ውሃውን አዳርሶ ይቀባል። አንድ ሰው ዝም ብሎ ሲቀመጥ በደቂቃ 15 ጊዜ ገደማ ያርገበግባል። ስልክ ላይ ያፈጠጠ ልጅ ግን ከግማሽ በታች ይወርዳል። እሱንም በግማሽ ነው የሚከድነው፤ ላይኛው ቆብ ታችኛውን ሳይነካ ይመለሳል። ሽሮው እሳት ላይ ነው፣ የሚያማስለው ግን የለም።

የዓይን ድርቀት ማለት እንግዲህ ይህ ሽፋን ሚዛኑን ሲያጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ዓለም አቀፍ ባለሙያዎች ትርጉሙን ሲያድሱ ዋና ያደረጉት ይህንኑ የሚዛን መዛባት ነው። ውሃ ሞልቶ ዘይት ቢጎድል ሽፋኑ ቶሎ ይቀደዳል። የተቀደደበት ቦታ ያሉት ነርቮች ይቆጠቆጣሉ፣ የእንባ እጢውም ደንግጦ ውሃ ይለቃል። ዘይት የሌለው ሽሮ ላይ ውሃ ቢጨመር እንደገና ቆዳ እንደሚያወጣው ሁሉ፣ ያ እንባ ጉንጭ ላይ ይወርዳል እንጂ ዓይኑ ላይ አይቆይም። ለእናትየዋ ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው። ልጅቷ የምታነባው ሽፋኑ ስለማይቆይ ነው።

አሳየኋት። ፍሎረሲን የሚባለውን ቢጫ ቀለም ልጅቷ ዓይን ውስጥ ነካ አደረግሁ። ሰማያዊ መብራት ሳበራ ዓይኗ አረንጓዴ ሆኖ በራ። «አንዴ ጨፍነሽ ክፈቺ፣ ከዚያ አታርገብግቢ» አልኳትና እናትየዋ ጮክ ብላ ቆጠረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራት ላይ በአረንጓዴው መሀል ጥቁር ነጥብ ተከፈተ፣ እንደ ቀዳዳ ሰፋ። 10 ሰከንድ ሳይሞላ ከተቀደደ ሽፋኑ ደካማ ነው እንላለን።

አሁን ወደ ሰውየው ልመለስ። ስህተቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በአገራችን ለረጅም ጊዜ «የዓይን ድርቀት» ሲባል በቫይታሚን ኤ እጥረት የሚመጣው ነው። እሱ በእርግጥ ያሳውራል። ኮርኒያን (ከፊት ያለውን ጥርት ያለ የዓይን ክፍል) ያሟሟል። ትራኮማም ቆቡ ላይ ጠባሳ ጥሎ ዓይንን ያደርቃል። ግን እነዚህ ሌላ በሽታዎች ናቸው። በደንብ የምትበላ፣ ማታ ማታ አንድ ጠብታ የምታደርግ ልጅ ላይ ያንን ቃል ማውረድ ትልቅ ጥፋት ነው።

አትሮፒን በብዛት ሲወሰድ አፍ እንደሚያደርቅ እውነት ነው። ለማዮፒያ (ሩቅ አጥርቶ ላለማየት) የምንሰጠው ግን በጣም ቀጭን ነው፤ ከ0.01 እስከ 0.05 በመቶ። በሆንግ ኮንግ የተደረገ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ከነዚህ ውስጥ 0.05ቱ የተሻለ እንደሚሠራ አሳይቷል። ጠብታው ያለበት ዓይን ፀሐይ ላይ ሲጨናበስ ብዙ ወላጅ «ደረቀ» ይላል። አልደረቀም። ብሌኑ ትንሽ ስለሰፋ ብርሃን በዝቶበት ነው። ባርኔጣ ወይም የፀሐይ መነጽር ይበቃዋል።

ከሰውየው ንግግር ውስጥ አንድ እውነት ላውጣ። ብልቃጡ ውስጥ ባክቴሪያ እንዳያድግ የሚጨመር ቤንዛልኮኒየም የሚባል መከላከያ አለ። እሱ በየቀኑ ለዓመታት ሲገባ የእንባውን ሽፋን ይጎዳል፤ ድስቱን እንደሚፍቅ ሽቦ ነው። ልጁ ከቆጠቆጠው መከላከያ የሌለው ጠብታ ይገኝ እንደሆነ ጠይቁ። በብዙ አገር ይህን ጠብታ ፋርማሲው ራሱ ስለሚያዘጋጀው ውስጡ ያለው ከፋርማሲ ፋርማሲ ይለያያል። ዝም ብሎ ማቋረጥ ግን ሌላ ጣጣ አለው። በተለይ ጠንከር ያለው መጠን በድንገት ሲቆም ማዮፒያው ሊፈጥን ይችላል።

ሳትጠይቁኝ አንድ ልጨምር። የእንባ ሽፋኑ በተረበሸ ዓይን ላይ የመነጽር ቁጥር ሲለካ ቁጥሩ ይዋዥቃል። «በሦስት ወር ሩብ ጨመረ» ብሎ ከመደንገጥ በፊት ሽፋኑን አክሞ እንደገና መለካት ይሻላል። የዓይኑን ርዝመት የሚለካው መሣሪያ በዚህ ያን ያህል አይታለልም። እኔም ይበልጥ የማምነው እሱን ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የቃሉ ሌላኛው አጠቃቀም ነው። ኦርቶ-ኬ የሚባል ጠጠር ያለ ኮንታክት ሌንስ አለ። ልጁ አድርጎት ያድራል፣ ቀን ያለ መነጽር እንዲያይ ኮርኒያውን መሀሉ ላይ ጠፍጠፍ ያደርገዋል፣ ጠዋት ይወልቃል። ሌሊቱን ሙሉ ቆቡ ስለማይርገበገብ ከሌንሱ ሥር ያለው እንባ ብዙም አይታደስም። ስለዚህ ጀርም ከገባ የሚመቸው ቦታ አገኘ ማለት ነው። ዓይኑ ቀልቶ፣ አሞት፣ ብርሃን ሲፈራ «ድርቀት ነው፣ እንባ መሰል ጠብታ አድርግለት፣ ያልፋል» የሚል ሰው ልጁን ሊያሳውረው ይችላል። ሌንሱ ወዲያው ይውጣ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ሌንሱንም ሆነ ማስቀመጫውን በቧንቧ ውሃ አታጥቡ። አካንታሚባ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ውሃ ውስጥ ይኖራል፣ ኮርኒያ ውስጥ ከገባ ደግሞ ለወራት ያሠቃያል።

የሚያሳክከው ልጅም አለ። ቀኑን ሙሉ ዓይኑን በጣቱ ያሻል፣ ነጩ ቡናማ ይመስላል። እሱ አለርጂ ነው፣ በአገራችን ልጆች ላይ በብዛት አያለሁ። ድርቀት ብሎ ማለፍ ማሻሸቱን ማስቀጠል ነው፣ ማሻሸት ደግሞ ኮርኒያውን እያሳሳ ቅርጹን ያበላሻል። እንዲህ ያለው ልጅ አለርጂው ሳይታከም ኮንታክት ሌንስ አላስጀምርም።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። የቆቧን ጠርዝ በጣቴ ጫን ሳደርገው የወጣው ዘይት የጠዋት ብርድ እንዳረጋው ቅቤ ነበር። ማታ ማታ በሞቀ ንጹሕ ፎጣ 10 ደቂቃ፣ ከዚያ ቆቡን ቀስ አድርጎ ማሸት። ስልክ ላይ ስትሆን ሙሉ በሙሉ ጨፍኖ መክፈትን ልምምድ አደረግነው። መከላከያ የሌለው አትሮፒን ተገኘላትና እንደገና ጀመረች።

ከስድስት ሳምንት በኋላ መጡ። ቢጫውን ቀለም ነካ አድርጌ መብራቱን አበራሁ። እናትየዋ ሳልጠይቃት መቁጠር ጀመረች። ቀኙ 11 ላይ ተቀደደ። ግራው ገና 7 ላይ ነው። ፎጣው ይቀጥላል።