የሜልቦርን ካፕ፦ ስለ ፈረሶቹ በስህተት የምናምናቸው ነገሮች እና እውነታው

የምኖረው ሜልቦርን፣ ፉትስክሬይ ነው። የእኛ ሰው ምግብ ቤትና ቡና ቤት የበዛበት ሰፈር ነው። ከማሪቢርኖንግ ወንዝ ማዶ የፍሌሚንግተን የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ አለ። በኖቬምበር የመጀመሪያው ማክሰኞ፣ በእኛ ጥቅምት ማለቂያ ገደማ፣ እዚያ የሜልቦርን ካፕ ይካሄዳል። ከ1861 ጀምሮ ያለ ውድድር ነው። (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ቀኑ እዚህ የሕዝብ በዓል ነው። መጀመሪያ ስመጣ ለፈረስ ተብሎ ሥራ እንደሚዘጋ ማመን አቅቶኝ ነበር።

በዚያ ሰሞን ቡና ላይ ወሬው ሁሉ ፈረስ ነው። መሥሪያ ቤት ደግሞ ስዊፕ የሚሉት አለ። ሁሉም ትንሽ ገንዘብ ያዋጣል፣ የፈረሶቹ ስም በየወረቀቱ ተጽፎ ኮፍያ ውስጥ ይገባል፣ ዕጣ ይወጣል። እኔ ፈረስ ስለምወድ ሰው ይጠይቀኛል። “ዘንድሮ ማን ይወስዳል?” ይሉኛል። ጥያቄውን ስሰማ ግን ከጀርባው ያለው ግምት ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

“ምርጡ ፈረስ ያሸንፋል”

ትልቁ ስህተት ይሄ ስለሆነ እዚህ ላይ ልቆይ።

የሜልቦርን ካፕ ሃንዲካፕ የሚባል ዓይነት ውድድር ነው። ፈረሶቹ እኩል ክብደት አይሸከሙም። ከውድድሩ ሳምንታት በፊት አንድ ባለሙያ የእያንዳንዱን ፈረስ ያለፈ ውጤት አገላብጦ ኪሎ ይመድብለታል። ጎበዙ ይከብድበታል፣ ደከም ያለው ይቀልለታል። ከ50 ኪሎ በታች አይወረድም። ትልቁ ሰሞኑን 58 ወይም 59 ኪሎ አካባቢ ነው። የባለሙያው ምኞት 24ቱም ፈረሶች መጨረሻው ላይ ትከሻ ለትከሻ ሲደርሱ ማየት ነው።

እኛ ፈረስን ያወቅነው በሌላ መንገድ ነው። ጀግኖቻችን በፈረሳቸው ስም ተጠርተዋል። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። ጉግስ ላይ የበረታ ፈረስ ብርታቱን ያሳያል እንጂ “አንተ በርትተሃልና ጨምረህ ተሸከም” የሚለው የለም። ለዚህ ይመስለኛል ነገሩ ለብዙዎቻችን ግር የሚለው።

ፋር ላፕን እንውሰድ። አውስትራሊያኖች እስከ ዛሬ ስሙን ሲያነሱ ድምፃቸው ይለወጣል። በ1930 ውድድሩ ሦስት ቀን ሲቀረው መኪና ውስጥ የነበሩ ሰዎች ተኩሰውበት ሳቱት። ማክሰኞ ዕለት 62 ኪሎ ተኩል ያህል ተሸክሞ አሸነፈ። በዓመቱ 68 ኪሎ ጫኑበት። ስምንተኛ ወጣ። ፈረሱ ያው ፋር ላፕ ነው፣ የተለወጠው ጭነቱ ነው። ቆዳው በቁመናው ልክ ተሠርቶ ሜልቦርን ሙዚየም ውስጥ ቆሟል። የእኛ ሰው ልጆቹን ይዞ ሄዶ ቢያየው ደስ ይለኛል።

ክብደቱን የሚያሸንፍ ፈረስ ጨርሶ የለም ማለት ግን አይደለም። ካርባይን በ1890 66 ኪሎ ያህል ተሸክሞ 39 ፈረሶች የነበሩበትን ውድድር ወስዷል። በእኛ ዘመን ደግሞ ማካይቢ ዲቫ አለች። ባዝራ ናት። በ2003 በ51 ኪሎ አሸነፈች። በ2004 55 ተኩል አደረጉባት፣ አሸነፈች። በ2005 58 ሰጧት፣ አሁንም አሸነፈች። ሦስት ጊዜ ያሸነፈ ሌላ ፈረስ የለም። ስሟ ባለቤቱ ዘንድ ከሚሠሩ አምስት ሴቶች ስም የመጀመሪያ ሁለት ሁለት ፊደል ተወስዶ የተገጣጠመ ነው። የፈረስ ስም ለሚያከብር ሕዝብ ይህ ደስ የሚል ታሪክ ነው።

እንግዲህ እኔ የፈረሶቹን ክብደትና ያለፈ ውጤት የያዘውን ወረቀት ሳነብ “ማን ይበልጣል?” ብዬ አልጠይቅም። “ከተሰጠው ኪሎ በላይ የሚችል ማን ነው?” እላለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ኪሎው ከተመደበ በኋላ የተሻሻለ ፈረስ ነው። ክብደቱ የሚወጣው በሴፕቴምበር ነው። ኦክቶበር ውስጥ የሚደምቅ ፈረስ በድሮ ማንነቱ ተመዝኖ በአዲስ ማንነቱ ይሮጣል። በመሀል ትልቅ ድል ካገኘ ኪሎ ሊጨመርበት ይችላል፣ ግን ጭማሪው መሻሻሉን ሁልጊዜ አያካክስም። ኦክቶበር ላይ የሚካሄደውን የ2,400 ሜትር የኮልፊልድ ካፕ በጥንቃቄ የምከታተለው ለዚህ ነው። በ2023 ዊዝአውት ኤ ፋይት፣ በ2025 ሃፍ ዩርስ ሁለቱንም ዋንጫ ወስደዋል።

“ጋላቢው ቀጭን ከሆነ ፈረሱ ይጠቀማል”

አይጠቀምም። ለፈረሱ 54 ኪሎ ከተመደበ ጆኪው (ጋላቢው) እና ኮርቻው ተደምረው 54 መሆን አለባቸው። ጆኪው ከቀለለ እርሳስ ኮርቻው ላይ ይጨመራል። ከውድድሩ በፊት ሚዛን ላይ ይወጣል፣ ከጨረሰም በኋላ ተመልሶ ይመዘናል። የጆኪ ጥቅሙ ሌላ ነው። መቼ እንደሚታገሥ፣ በየት በኩል እንደሚወጣ ማወቁ ላይ ነው።

“ብዙ ሰው የተወራረደበት ፈረስ ያሸንፋል”

ከ2014 እስከ 2024 ድረስ 11 ውድድሮች ተካሂደዋል። በአንዱም ተመራጩ ፈረስ አላሸነፈም። ከዚያ በፊት በ2013 ተመራጭ ሆኖ ያሸነፈው ፊዮሬንቴ ነበር።

ይህ አስማት አይደለም፣ ሂሳብ ነው። እዚህ አገር ዋጋው የሚጻፈው በዶላር ነው። ተመራጩ ፈረስ 5 ዶላር ቢባል፣ 1 ዶላር ያስያዘ ሰው ካሸነፈ ያስያዘውን ጨምሮ 5 ዶላር ያገኛል። 1ን ለ5 አካፍሉት። 20 በመቶ ይመጣል። ይህ ማለት ገበያው ራሱ “ይህ ፈረስ ከአምስት ጊዜ አራቱን ይሸነፋል” እያለ ነው። ሰው ግን “ተመራጭ” የሚለውን ቃል ሲሰማ “አሸናፊ” ይመስለዋል።

ሌላም አለ። የ24ቱንም ፈረሶች ዋጋ በዚሁ መንገድ ወደ መቶኛ ቀይራችሁ ደምሩት። ከ100 በልጦ ታገኙታላችሁ። ትርፉ የአወራራጁ ነው። ማንም ያሸንፍ ማን እሱ ድርሻውን አስቀድሞ ቆርጧል።

ይህን የምጽፈው አንድ ወንድማችን ትዝ እያለኝ ነው። በ2021 ኢንሴንቲቫይዝ የሚባል ፈረስ የኮልፊልድ ካፕን አሸንፎ መጣ። ከተማው ሁሉ ስሙን ያነሳ ነበር። ወንድማችን ለእናቱ ሊልክ ያስቀመጠውን ገንዘብ በሙሉ አስያዘበት። “ይሄ እኮ እርግጥ ነው” አለኝ። ፈረሱ በደንብ ሮጠ፣ ሁለተኛም ወጣ። ገንዘቡ ግን ሄደ። ከዚያ በኋላ ለማስመለስ ሲል ያጠፋው ይብሳል። አሁንም ሳስበው ያመኛል። በዚህ መንገድ ላይ ያለ ወዳጅ ካላችሁ፣ 1800 858 858 ቁማር ላስቸገረው ሰው የሚረዳ ነጻ የስልክ መስመር ነው፣ 24 ሰዓት ይሠራል። እርግጥ የሆነ ፈረስ 24 ፈረስ ባለበት ሜዳ ላይ የለም።

“100 ዶላር ዋጋ ያለው ፈረስ ካሸነፈ ዝም ብሎ ዕድል ነው”

በ2015 ፕሪንስ ኦፍ ፔንዛንስ በ100 ለ1 ሲያሸንፍ አገሩ ጉድ አለ። ጋላቢዋ ሚሼል ፔይን ነበረች፣ ካፑን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት። ባልደራሱ ወንድሟ ስቲቪ ነው። ዳውን ሲንድሮም አለበት። የመነሻ ቦታ ዕጣውን ያወጣውም እሱ ነው፣ 1 ቁጥር ደረሰው። የሁለቱን እህትና ወንድም ደስታ ያየ ሰው አይረሳውም።

ግን ወረቀቱን ላነበበ ሰው ምልክት ነበር። ፈረሱ በ2014 የ2,500 ሜትሩን የሙኒ ቫሊ ካፕ አሸንፏል። በ2015ም እዚያው ውድድር ላይ፣ ካፑ አሥር ቀን ሲቀረው፣ ሁለተኛ ወጥቷል። ክብደቱ 53 ኪሎ ብቻ ነው። ልቡም እግሩም ርቀቱን ለምዷል። እንደሚያሸንፍ አውቄ ነበር አልልም፣ አላወቅሁም። ግን የ100 ዶላር ዋጋ “ከመቶ አንድ” ማለት እንጂ “በፍጹም” ማለት አይደለም። በ2024 ናይትስ ቾይስም በ90 ዶላር ገደማ ዋጋ አሸንፏል።

“ከዳር የሚነሳ ፈረስ አለቀለት”

በአጭር ርቀት ውድድር እውነትነት አለው። በካፑ ግን ከመነሻው እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ረጅም ቀጥ ያለ መንገድ አለ። ጎበዝ ጆኪ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ የሚገባበት ጊዜ ያገኛል። 18 ቁጥር መነሻ “የተረገመ” ይባል ነበር፣ ከዚያ ተነስቶ ያሸነፈ ስለሌለ። በ2021 ቬሪ ኤሌጋንት የምትባል ባዝራ ከ18 ተነስታ፣ 57 ኪሎ ተሸክማ፣ ያንን ኢንሴንቲቫይዝን በሰፊ ርቀት ቀድማ ገባች። ከዚያ ወዲህ የቁጥር እርግማን ሲወራ አልሰማም።

“ዋናው ፍጥነት ነው”

ርቀቱ 3,200 ሜትር ነው። የመጨረሻው ቀጥታ ብቻ 450 ሜትር ይሆናል። እዚያ ላይ የብዙው ፈረስ ነዳጅ ያልቃል። ሩጫ ለምናውቀው ለኛ ማስረዳት ቀላል ነው፦ የ800 ሜትር ሯጭ 10 ሺህ ላይ ቢገባ ማለት ነው።

የአውስትራሊያ እርባታ ለአጭር ርቀት ፈረስ ያደላል። ስለዚህ ባለቤቶች ረጅም ርቀት የሚችል ፈረስ ከአውሮፓ ይገዛሉ። የውጭ አሰልጣኞችም ይመጣሉ። በ1993 የአየርላንዱ ቪንቴጅ ክሮፕ በሩን ከፈተ። በ2006 ጃፓኖች አንደኛና ሁለተኛ ወጡ።

እዚህ ላይ ሐበሻ ቶሎ የሚገባው አንድ ነገር አለ። የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ፈረሶች ሁሉ ልደታቸው ጃንዋሪ 1 ነው፣ የደቡቦቹ ኦገስት 1። ሁለት ዘመን አቆጣጠር ማለት ነው። ስለዚህ የአውሮፓ የሦስት ዓመት ፈረስ ሲመጣ እዚህ ካሉት እኩዮቹ በትክክለኛ ዕድሜው ያንሳል፣ ክብደቱም ይቀነስለታል። በ2017 ሬኪንድሊንግ፣ በ2018 ክሮስ ካውንተር እንዲህ ሆነው መጡ። ሁለቱም 51 ኪሎ አካባቢ ነበር የተሸከሙት። ሁለቱም አሸነፉ። ክሮስ ካውንተር የዱባዩ ገዢ የሼክ መሐመድ ፈረስ ነው።

“የውጭ ፈረስ ከሆነ ዓይን ጨፍኖ መምረጥ ነው” የሚሉም አሉ። ይህም ልክ አይደለም። ጉዞው ያደክማል። በዚያ ላይ በ2018 ክሊፍስ ኦፍ ሞኸር፣ በ2020 አንቶኒ ቫን ዳይክ እዚያው ሜዳ ላይ ተሰብረው ሞቱ። ልብ የሚሰብር ነበር። ከ2021 ጀምሮ የውጭ ፈረሶች ጥብቅ የአጥንት ምርመራ ማለፍ አለባቸው። የሚመጡት ቁጥርም ቀነሰ። እኔ ይህን እደግፋለሁ። ፈረስን መውደድ ከዚህ ይጀምራል።

“0 ማለት ውድድሩን አልጨረሰም ማለት ነው”

ከፈረሱ ስም አጠገብ የቁጥር ሰንሰለት ታያላችሁ። የቅርቡ ውጤት በቀኝ ጫፍ ያለው ነው። 0 ማለት አሥረኛ ወይም ከዚያ በታች ወጣ ማለት ነው። ትንሿ የመስቀል ምልክት ረጅም እረፍት ወስዷል ማለት ነው። ከእረፍት በኋላ 0 ያለው ፈረስ አያስደነግጣችሁ። ምናልባት አጭር ርቀት ላይ እግሩን እያፍታታ ነበር። ከ0 በኋላ 5፣ ከዚያ 3፣ ከዚያ 2 ካያችሁ ግን ፈረሱ ወደ ካፑ እየመጣ ነው።

“ሰኞ ማታ መርጬ ጨርሻለሁ”

የሜልቦርንን አየር የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይልም። የሜዳው እርጥበት ከ1 እስከ 10 በሚደርስ ቁጥር ይገለጻል። 3 እና 4 ጥሩ ሜዳ ነው፣ ከ5 እስከ 7 ለስላሳ፣ 8 እና ከዚያ በላይ ጭቃ። በደረቅ የሚበር ፈረስ በጭቃ ሊሰምጥ ይችላል። በ2022 ጎልድ ትሪፕ ከሁሉ የሚበልጠውን 57 ተኩል ኪሎ ተሸክሞ በእርጥብ ሜዳ አሸነፈ። በደረቅ ሜዳ ያን ጭነት ይዞ ያሸንፍ ነበር ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ እጠራጠራለሁ።

እኔ ማክሰኞ ጠዋት ቡናዬን አፍልቼ መጀመሪያ የማየው ያንን ቁጥር ነው። ቀጥሎ ማን ከውድድሩ እንደወጣ አያለሁ። ከዚያ የኪሎውን ዝርዝር እንደ አዲስ ከላይ እጀምራለሁ።