የኮሪደር ልማት ምንድን ነው? የባሕር ዳር ነጋዴና ነዋሪስ ስጋቱ ከምን ይነሣል?

«ኮሪደር» የሚለው ቃል ወደ አማርኛ ከገባ ቆይቷል፤ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ግን ቦታው ቤት ውስጥ ነበር። በሆስፒታል ወይም በቀበሌ ጽሕፈት ቤት፣ በግራና በቀኝ በሮች የተደረደሩበትን፣ ባለጉዳይ ተራውን የሚጠብቅበትን ጠባብ መተላለፊያ ኮሪደር እንለው ነበር። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው ሥራ ወደ ክልል ከተሞች ሲዛመት ቃሉም ከሕንፃ ወጥቶ መንገድ ላይ ዋለ። ዛሬ በባሕር ዳር «ኮሪደሩ በእኛ በኩል ያልፋል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ስለ ሱቁ ወይም ስለ ቤቱ ዕጣ እየጠየቀ ነው።

በከተማ ፕላን ሥራ የኮሪደር ልማት ማለት አንድን አውራ ጎዳና ከግራና ከቀኙ ካለው ሁሉ ጋር እንደ አንድ አካል ወስዶ ማደስ ነው። የእግረኛው መንገድ ይሰፋል፣ ለብስክሌት መስመር ይለያል፣ የጎርፍ መውረጃው ይሠራል፣ በየምሰሶው የተንጠለጠለው የመብራትና የስልክ ገመድ ከመሬት ይቀበራል፣ የመንገድ መብራትና አረንጓዴ ቦታ ይጨመራል። በመንገዱ ዳር ያሉ ሕንፃዎች ደግሞ ፊታቸው ይታደሳል፤ ከፕላኑ ጋር የማይስማሙት ይፈርሳሉ። ከተለመደው የመንገድ ግንባታ የሚለየው ይህ የመጨረሻው ክፍል ነው፤ የነዋሪው ጥያቄም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

ባሕር ዳር ለታሰበበት ጎዳና ባዳ አይደለችም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ማስተር ፕላኗን ያዘጋጀው ጀርመናዊው ማክስ ጉተር ነበር፤ ከተማዋ ዛሬም ድረስ የምትታወቀው ዘንባባ በተተከለባቸው ሰፋፊ ጎዳናዎቿ ነው። የብስክሌት መስመርም ቢሆን፣ ሠራተኛውም ተማሪውም በብስክሌት ሲመላለስባት ለኖረች ከተማ እንግዳ ነገር ሊባል አይችልም፤ እንዲያውም ዘገየ ቢባል ይሻላል። ስለዚህ ነዋሪው ልማቱን ይጠላል ማለት ስሕተት ነው። በክረምት ውኃ የሚተኛበት ደጃፍ ያለው ባለሱቅ የጎርፍ መውረጃ እንዲሠራለት የማንም ቅስቀሳ አያስፈልገውም።

የመጀመሪያው ስጋት ግን ከገበያው ይነሣል፤ የንግድ ጎዳናው የቀዘቀዘው በአስፋልቱ ምክንያት አልነበረም። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ፤ በ2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ተቀሰቀሰ፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ ግጭቱ በክልሉ ውስጥ ሆነ። ወደ ዘጌና ወደ ጣና ገዳማት በጀልባ የሚሻገረው፣ ጢስ ዓባይን ሊያይ የሚመጣው እንግዳ ሲቀር፣ ገቢ ያጣው ባለጀልባው ብቻ አልነበረም፤ ዓሣ የሚጠብሰው፣ የስፌት ሥራ የሚሸጠው፣ አስጎብኚው፣ ፎቶ አንሺው ሁሉ አብሮ ቀረበት። የመንገድ መዘጋቱ የዕቃ ዋጋ አስወደደ፣ የኢንተርኔት መቋረጡ ክፍያና ትእዛዝ አስተጓጎለ፣ የምሽት እንቅስቃሴ ገደቡ ደግሞ የሐይቁን ዳር ንግድ ዋና ሰዓት ወሰደ። በእኔ ግምት የክርክሩ ሥር እዚህ ላይ ነው፦ ኮሪደሩ የሚያክመው የጎዳናውን አካል ነው፤ ገበያው የታመመው ግን በሌላ በሽታ ነው። መብራቱ መልካም ነው፤ ሰው በምሽት ለመውጣት ካልደፈረ ግን የሚበራው ለዘንባባው ነው።

ሁለተኛው ስጋት ከቃሉ ከራሱ ጋር የተያያዘ ነው። ኮሪደር መተላለፊያ ነው፤ የንግድ ጎዳና ግን ሰው በመቆሙ ይኖራል። ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም በማይርቅ አንድ መንገድ ላይ ስፋቷ ሦስት ሜትር የማትሞላ ሱቅ አለች። በቆርቆሮ የተሸፈነው በረንዳዋ ላይ ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ይውላል፤ ለባለሱቋ በወር ትንሽ ነገር ይከፍላል። ከጎኑ አንዲት ልጅ ጀበና ጥዳለች። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው በርጩማ ስቦ ይቀመጣል፣ ሱሪው እስኪደርስ ቡና ይጠጣል፣ ሲነሣም ወደ ውስጥ አንገቱን አስግጎ «እታለም፣ ሳሙናም ስጪኝ፤ በደብተሩ ያዢልኝ» ይላል። ሦስቱም ሥራዎች የቆሙት በዚያች በረንዳ ነው። ፕላኑ ላይ ግን በረንዳዋ ከእግረኛ መንገድ ላይ የሚነሣ ትርፍ ግንባታ ናት፤ ሰፊውና ቡና የምታፈላው ልጅም በየትኛውም መዝገብ ላይ የሉም።

ሦስተኛው ጥያቄ ከታደሰ በኋላ ማን ይመለሳል የሚለው ነው። ሕጉ በዚህ ረገድ ባዶ አይደለም። ለሕዝብ ጥቅም ሲባል መሬት የሚለቀቅበትን ሁኔታ የሚወስነው አዋጅ ቁጥር 1161/2011፣ ለባለይዞታው በመሬቱ ላይ ላለው ንብረት ካሳ ከማዘዙም ሌላ፣ የሥራ፣ የንግድና የኪራይ ገቢ መቋረጥን የኢኮኖሚ ጉዳት ብሎ ይቆጥራል፤ መልሶ በሚለማ አካባቢ ያለ ባለይዞታም በፕላኑ መሠረት በግል ወይም በቡድን ለማልማት የቅድሚያ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ችግሩ አብዛኛው የጎዳናው ነጋዴ ባለይዞታ ሳይሆን ተከራይ መሆኑ ነው። ከአከራዩ ጋር ያለው ውል ብዙ ጊዜ በቃል ነው፤ የሒሳብ መዝገብ አይዝም፤ ለግብር ያስመዘገበው ሽያጭም ከእውነተኛው ያነሰ ሊሆን ይችላል። ገቢ ተቋረጠብኝ ሲል ማስረጃ ይጠየቃል፤ የዱቤ ደብተር ደግሞ ማስረጃ ሆኖ ለማለፉ ዋስትና የለውም።

የኪራዩ ነገር ከዚህ ይብሳል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ጭማሪን የሚቆጣጠረው ለመኖሪያ ቤት ብቻ ነው፤ ሱቅ አይነካውም። ስለዚህ ፊቱ በመስታወት የታደሰ፣ ከፊቱም ሰፊ ንጣፍ የተነጠፈለት ሕንፃ ባለቤት ኪራዩን በእጥፍ ልጨምር ቢል የሚያግደው የገባው ውል ብቻ ነው፤ ውሉም በቃል ከሆነ የረባ ማገጃ አይሆንም። ያን ጊዜ ሳይፈርስ የተረፈው ባለሱቅም ከፈረሰበት ጎረቤቱ እኩል ይለቃል። በስብሰባ ላይ ብዙ የሚነገረው ስለሚፈርሰው ቤት ነው፤ ሳይፈርስ ስለሚወደደው ግን የሚጠይቅ ብዙም አይሰማም፤ ይህ ሊታረም የሚገባው ይመስለኛል።

የመጠየቁ መብትስ? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ዜጎች በልማት የመሳተፍ፣ አባል የሆኑበትን ማኅበረሰብ በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳብ እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይናገራል። ነዋሪው ከዚህ መብት የሚፈልገው ሰፊ ንግግር አይደለም። የበረንዳው ወሰን የት ድረስ ነው? ለጀበና ቡናና ለልብስ ሰፊ የሚሆን ጥላ በአዲሱ ንድፍ ውስጥ አለ? ሥራው በስንት ወር ያልቃል? እስከዚያ ድረስ ደንበኛው በየት በኩል ወደ ሱቁ ይገባል? ለእነዚህ በጽሑፍ መልስ ቢያገኝ ብዙው ሥጋት ይቃለላል።

የሦስት ሜትሯ ሱቅ ባለቤት መልሱን እየጠበቀች አይደለም። ባለፈው ሰሞን ሳገኛት በዱቤ ደብተሯ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ስልክ ቁጥር ትጽፍ ነበር። ደንበኞቿ ቤቷን እንጂ ስልኳን አያውቁም፤ እሷም ብትሆን እስካሁን የእነሱን ስልክ አስፈልጓት አያውቅም ነበር።