ቤቱ ተለቀቀ፣ ዕዳው ቀረ

ፍቅረኛሞች አብረው ተከራይተው ኖሩ፣ ተለያዩ፣ ቤቱንም ለቀቁ። የአንደኛው ያልተከፈለ የኪራይ ድርሻ ግን በሌላኛው ጫንቃ ላይ ቀረ። ይህ ሲሆን ከየአቅጣጫው የሚሰማው ምክር ብዙ ነው፤ ስህተቱም እንደዚያው።

«እርስ በርስ የተፈራረምነው ነገር ስለሌለ ገንዘቡ ቀልጦ ቀረ።»
በብዙ አገሮች ሕግ የቃል ስምምነትም ስምምነት ነው፤ የሚከብደው ማስረዳቱ ነው። የሁለቱም ስም ያለበት የኪራይ ውል፣ በየወሩ ድርሻ ሲላክ እንደነበር የሚያሳይ የባንክ ዝርዝር፣ «ደመወዝ ሲገባ እሰጥሻለሁ» የሚል የስልክ መልእክት ሁሉ ይጠቅማል። መልእክቱን የሚያህል የለም፤ ባለዕዳው በገዛ ቃሉ አምኗልና። በንዴት የመልእክት ልውውጡን የሚያጠፋ ሰው ማስረጃውን አብሮ ያጠፋል።

«አከራዩ ከየራሳችን ግማሽ ግማሹን ይጠይቅ።»
ውሉ ሁለቱን በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ ካደረጋቸው አከራዩ ሙሉውን ከአንዱ መጠየቅ ይችላል። የከፈለው ከዚያ በኋላ የሌላኛውን ድርሻ ከባለድርሻው ይጠይቃል። ቀድሞ መውጣት ብቻውን ከውሉ አያስወጣም።

«ያወጣሁትን ሁሉ አስመልሳለሁ።»
ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ኪራይ፣ የመብራትና የውሃ ክፍያ፣ ሌላኛው ላበላሸው ዕቃ ከመያዣው (ቤቱን ሲከራዩ ለአከራዩ ከሚያስይዙት ገንዘብ) ላይ የተቆረጠ ገንዘብ ይቆጠራል። የልደት ስጦታና አብሮ የተበላ እራት አይቆጠርም፤ በፍቅር የተሰጠ ስጦታ ሲለያዩ ብድር አይሆንም። እነዚህን ከዝርዝሩ ውስጥ መክተት እውነተኛውን ዕዳ ያስጠረጥራል። ሒሳቡም ወደ ሁለቱም ወገን ነው፦ ድርሻቸው እኩል ሆኖ አንዷ የ4 ወር ኪራይ ብቻዋን ብትከፍል የምትጠይቀው የ2 ወሩን ነው። እሱ ብቻውን ያስያዘውን መያዣ እሷ ተቀብላ ከሆነ ደግሞ ያ ይቀነሳል።

«እስኪከፍል ዕቃውን አልሰጥም።»
አይሆንም። ከሳሽ መሆን የሚገባው ሰው ተከሳሽ የሚሆነው እንዲህ ነው። በማኅበራዊ ሚዲያ ስም ማጥፋትም ያው ነው።

«ጠበቃ መቅጠር ከዕዳው ይበልጣል።»
መጀመሪያ የሚያስፈልገው አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው፦ ስንት፣ ከምን የመጣ፣ እስከ መቼ ይከፈል። ካልተሳካ ሽምግልና አለ፤ ለአነስተኛ ገንዘብ ያለ ጠበቃ የሚቀርቡበት ቀላል የፍርድ ሥርዓት ያላቸው አገሮችም ብዙ ናቸው። ብቻ የይርጋው ጊዜ፣ ማለትም ክስ ለማቅረብ ሕግ የሰጠው ጊዜ፣ እንዳያልፍ። ደግሞም መፍረድ ሌላ፣ ማስከፈል ሌላ ነው፤ ደመወዝም ንብረትም የሌለው ሰው በየወሩ ጥቂት ጥቂት ለመክፈል በጽሑፍ ከተስማማ፣ እኔ ብሆን እቀበላለሁ።