የመጽሐፍ ማስተዋወቂያ ቪዲዮ የመጽሐፉ ማጠቃለያ አይደለም

ለአዳዲስ መጻሕፍት አጫጭር የሞሽን ግራፊክስ (ፊደልና ሥዕል የሚንቀሳቀስበት ቪዲዮ) ማስተዋወቂያ እሠራለሁ። ደራሲው ይለዋወጣል እንጂ የምሰማው ነገር ያው ነው፤ መልሱን እነሆ።

«ሽፋኑ ስላለ ሥራው ተጋምሷል።» አልተጋመሰም። ምስሉና ፊደሉ አንድ ላይ ከተጣበቁ ለይቶ ማንቀሳቀስ ሌላ ሥራ ነው። ሌየሮቹ፣ ማለትም ምስሉና ፊደሉ ለየብቻ የተቀመጡባቸው ንብርብሮች፣ ያልተዋሃዱበትን ፋይል ከሽፋን ሠሪው ተቀበሉ።

«ሙዚቃ ከኢንተርኔት ይወርዳል።» ባለቤት አለው፤ ፈቃድ ያዙ።

«ታሪኩ በሙሉ ካልተነገረ አንባቢ አይገዛም።» ትዕግሥቴን የሚጨርሰው ይህ ነው። አንድ ደራሲ የልቦለዱን የሁለት ገጽ ማጠቃለያ ይዞ መጣና ሁሉም በ45 ሰከንድ ይግባልኝ አለ። ቆጠርነው፤ 600 ቃል ገደማ። ተመልካች በሰከንድ ሁለት ቃል ቢያነብ እንኳ በ45 ሰከንድ 90 ቃል ነው፤ ያውም ምስሉን ቀና ብሎ ሳያይ። እኔ ከ30 ቃል አላልፍም።

ቃሉ ሁሉ በሰከንዶቹ ውስጥ ቢገባ ኖሮም አልስማማም። ማጠቃለያ ጥያቄውን ከነመልሱ ያስረክባል፤ መልሱን የያዘ ሰው መጽሐፉን ለምን ይገልጣል? ከዚያ ልቦለድ በመጨረሻ የወሰድነው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «በሩ ከውስጥ ተቆልፎ ነበር።» ጥቁር መደብ፣ በበሩ ሥር የምታልፍ ቀጭን ብርሃን፣ ከብርሃኗ በላይ ጽሑፉ። ለአራት ሰከንድ ምንም አይንቀሳቀስም። ከዚያ የእግር ጥላ ብርሃኗን ያቋርጣል፤ ሽፋኑ ይመጣል። በጠቅላላው 20 ሰከንድ። ደራሲው «ጎደለ» አለኝ። አብራው የመጣችው እኅቱ፣ መጽሐፉን ያላነበበችው፣ «ውስጥ ያለው ማን ነው?» ብላ ጠየቀችው። ከዚያ በኋላ ስለ ማጠቃለያው አላነሣም።

«ፊደሉ ካልተሽከረከረ አይስብም።» እባካችሁ! «ቡ» እና «ቢ» የሚለያዩት በአንዲት ቅጥያ ቦታ ነው፤ ፊደሉ እየበረረ ያችን ቅጥያ የሚያይ ዓይን የለም። ፊደል ይግባ፣ ሲደርስ ፍጥነቱ ይርገብ፣ ቆሞ ይነበብ።

«አግድም ሠርተን ለስልክ እንቆርጠዋለን።» ወርዱ 1920፣ ቁመቱ 1080 ፒክስል (የምስል ነጥብ) ሆኖ የተሠራው ወደ 1080 በ1920 ሲቆረጥ የርእሱ ጫፍና ጫፍ ይሄዳል። ለየብቻ አቀናብሩት።

ድምፅ ዘግቶ የሚያይም ብዙ ነውና ተራኪው የተናገረው ቁም ነገር በጽሑፍም ይታይ። የመጽሐፉ ርእስና የደራሲው ስም ደግሞ መጨረሻ ላይ ቢያንስ ሦስት ሰከንድ ይቁሙ፤ በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ከሠራችሁ 75 ፍሬም ነው፤ ከዚያ ላይ አንዲትም አትቀንሱ።