የመኪና ቀለም ላይ የተሰካ የብረት ብናኝ ምንድን ነው?

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ቁልቁለት የወረደ ሰው የፍሬን ሽታ ያውቃል። መንገዱ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በዚህች ርቀት ግን ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል። ከፊት የጫነ ከባድ መኪና፣ ከኋላ ሚኒባስ፣ ሁሉም እግሩ ፍሬን ላይ ነው።

ፍሬን በተያዘ ቁጥር የፍሬኑ ሸራ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ ይፍቀዋል። ዲስኩ ብረት ነው። የተፋቀው ብረት ትኩስ ብናኝ ሆኖ ይረጫል። ቸርኬ ላይ፣ በር ላይ፣ ከኋላ የሚከተለው መኪና ኮፈን ላይ ሳይቀር ያርፋል። ብየዳ ቤት አጠገብ የሚያድር መኪና ደግሞ ከግራይንደር የሚፈናጠረውም ይጨመርበታል።

ይህ ብናኝ እንደ አቧራ ተቀምጦ አይቀርም። ከቀለሙ በላይ ባለው መስታወት መሳይ ሽፋን ውስጥ ይሰካል። ሽፋኑ 0.05 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የአንድ ወረቀት ግማሽ ውፍረት እንደ ማለት። ከዚያ የደሴ ጉምና ካፊያ ሲያገኘው ይዝጋል። ነጭ መኪና ላይ ብርቱካንማ ነጠብጣብ ሆኖ የሚታየው እሱ ነው።

ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ቦዲው ዛገ» ብሎ ይደነግጣል። አብዛኛውን ጊዜ ቦዲው ደህና ነው፤ የዛገው ከውጭ የመጣው ብረት ነው። ሳሙና አያወጣውም። አንድ ላቫጆ ውስጥ በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ሲፈትጉት አይቼ በጣም አዝኛለሁ። ነጠብጣቡን ለማጥፋት ብለው ሽፋኑን ጫሩት።

መኪናችሁ እንዳለበት ለማወቅ አጥባችሁ አድርቁት። እጃችሁን ስስ ፌስታል ውስጥ ከታችሁ ቀለሙን በቀስታ ዳብሱት። እንደ ብርጭቆ ወረቀት ከሻከራችሁ የተሰካ ነገር አለ።

መፍትሔው መፈተግ ሳይሆን ማሟሟት ነው። ለዚህ የሚሸጠው ፈሳሽ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ታዮግሊኮሌት የሚባል ኬሚካል አለ። ፀጉር ለመጠቅለል የሚቀባው መድኃኒት ውስጥም የዚሁ ዘር ይገኛል፤ ያንን ሽታ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይለየዋል። ኬሚካሉ ብረቱን ይይዝና በውኃ የሚታጠብ ያደርገዋል። ብረት ሲያገኝ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ይለወጣል። ነጭ በር ላይ ወይን ጠጁ እየተንጠባጠበ ሲወርድ ማየት ለእኔ ሁሌም ይገርመኛል፤ ያ ሁሉ ፍሬን ነበር!

መኪናው መጀመሪያ ይታጠብ። ጥላ ውስጥ ይሁን፣ ኮፈኑም ቸርኬውም ይቀዝቅዝ። ከሐረጎ እንደወረዳችሁ ግለቱ ሳይበርድ ፈሳሹን አትንፉበት። ነፍታችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁና ሳይደርቅ በብዙ ውኃ አውርዱት። ጓንት አድርጉ፣ አየር ያለበት ቦታ ሁኑ፣ ከአሲድም ከበረኪናም ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉት።

ከዚያም በፌስታሉ እንደገና ዳብሱ። አሁንም ከሻከረ የቀረው ሬንጅ ወይም የዛፍ ሙጫ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ኬሚካል እነሱን አይነካም። ለቀሪው ክሌይ የሚባል ሊጥ መሰል ነገር አለ፤ ቀለሙን በሳሙና ውኃ አርጥባችሁ በቀስታ ታንሸራትቱታላችሁ። ብረቱ ሳይወጣ በክሌይ መጀመር ግን ቀለሙን ያስጭራል። መጨረሻ ላይ ሰም ቀቡት፤ የሚቀጥለው ብናኝ እንዳሁኑ በቀላሉ አይሰካም።